በጽሑፍ ያለም ይረሳል

አንባቢ ሆይ፤ «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን የአባቶቻችንን ምሳሌ ገና ፊደል ስንቆጥር ጀምሮ ሰምተነዋል። እኔም አስተማሪ እንደ መሆኔ መጠን ይህንኑ ምሳሌ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንደ ነገርኋቸው ቁጥሩን አላውቀውም። «ጻፉ! ያልተጻፈ ነገር ይጠፋል!» እያልሁ በጠመኔ ሰሌዳውን እመታለሁ። ዛሬ ግን ይህን ምሳሌ በግማሹ ልከራከረው ተነሥቻለሁ። በጽሑፍ ያለም ይረሳል፤ እንዲያውም አንዳንዱ ነገር የሚረሳው ስለ ተጻፈ ነው። እንዴት ቢሉኝ፥ በራሴ የደረሰውን ላጫውትዎ።

የምኖረው በልደታ ክፍለ ከተማ፣ አብነት ከሚባለው ሰፈር ነው። ወደ ላይ ጥቂት ቢራመዱ ሰባተኛና መርካቶ፣ ወደ ታች ቢወርዱ ዳርማርና ልደታ ይገኛሉ፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው የቀላል ባቡር መስመር ጣቢያዎችም አንዱ በሰፈራችን ስም ይጠራል። «አብነት» ማለት አርአያ፣ ምሳሌ ማለት መሆኑን ያውቃሉ። ስለዚህ የሥራ ጓደኞቼ «አስተማሪ ሆኖ አብነት መኖር እንዲሁ አይደለም፤ እንግዲህ አርአያ መሆንህ የማይቀር ነው» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም ሳላውቀው ቀልዱን ከምር ወስጄው ኖሯል።

ነገሩ የጀመረው ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። አንድ ቀን በቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ የቤንጃሚን ፍራንክሊንን የሕይወት ታሪክ አነበብሁ። ይህ አሜሪካዊ አታሚ፣ የሳይንስ ተመራማሪና የመንግሥት ሰው ቀኑን በሰዓት ሸንሽኖ በወረቀት ላይ አስፍሮት ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሣል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይተኛል። ጠዋት ስለሚሠራው በጎ ነገር፣ ማታም ስለ ሠራው ራሱን ይመረምራል። ከዚህም ሌላ 13 የመልካም ጠባይ ዓይነቶችን ዘርዝሮ፣ በየዕለቱ ያጎደለውን በነጥብ ምልክት ያደርግ ነበር። ይህን ባነበብሁበት ሳምንት አንዲት ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ገዛሁ። ከ13ቱ አንዷ የሆነችው «ሥርዓት» ከሌሎቹ ይልቅ እንዳስቸገረችው ፍራንክሊን ራሱ መናዘዙን ግን ያን ጊዜ ዘልዬው አለፍሁ። ወጣት አንባቢ ከመጽሐፍ የሚያስቀረው የሚወደውን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት የነገ ሥራዬን መዘርዘር ልማዴ ሆነ። አስተማሪነት ከተቀጠርሁ በኋላማ ዝርዝሩ እየረዘመ ሄደ። አንዱን ገጽ ለምሳሌ ላሳይዎ፤ «1. የ10ኛ ሀ ፈተና ማረም። 2. ካልሲ መግዛት። 3. የቤት ኪራይ መክፈል። 4. ጫማ ማስጠገን። 5. ስለ ዓድዋ የሚሰጠውን ትምህርት ማዘጋጀት። 6. ለእኅቴ መደወል…» እንዲህ እያለ እስከ 14 ይደርሳል። ዛሬ ይህን በስልኩ ውስጥ የሚያደርግ ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ሥራው ሲያልቅ በቀይ እስክሪፕቶ መሰረዝ ነው። ያ ቀይ መስመር የሚሰጠው ደስታ እንዴት ያለ ነው! እውነቱን ልናገርና፥ አንዳንድ ቀን በዝርዝሩ ያልነበረ ሥራ ሠርቼ ስመለስ፣ ለመሰረዝ ስል ብቻ አስቀድሜ ጽፌ ወዲያው እሰርዘው ነበር። ይሥቃሉ? እርስዎስ ፈጽሞ አድርገውት አያውቁምን?

ያላለቀው ደግሞ ወደ ማግሥቱ ገጽ ይዛወራል። ጥፋቴ የተሠራው በዚህ በማዛወሩ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት ከማስተምርባቸው ክፍሎች በአንዱ አንድ ልጅ ነበረ፤ ስሙን አልጽፍም። ወንበሩ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ነበር። የማስተምረው ታሪክ ነው። ታሪክ ሲነገረው ቀኑንና ስሙን ብቻ ቀድቶ የሚቀመጥ ተማሪ ብዙ ነው፤ ይህ ልጅ ግን እጁን አውጥቶ «ለምን?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። 48 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል «ለምን?» የሚል አንድ ልጅ ማግኘት ለአስተማሪ ምን ያህል ሀብት እንደ ሆነ፥ ባልደረቦቼ ያውቁታል። ጥቅምት ካለፈ በኋላ ግን ልጁ ማርፈድ ጀመረ፤ ኋላም በትምህርት ሰዓት ያንቀላፋ ጀመር። አንድ ችግር እንደ ደረሰበት ገባኝ። ኅዳር 3 ቀን ማታ ደብተሬን ገልጬ በ9ኛው ተራ «ልጁን ማነጋገር» ብዬ ጻፍሁ። ጽፌም ደኅና እንቅልፍ ተኛሁ።

በማግሥቱ ካልሲው ተገዛ፤ ጫማውም ተጠገነ። ልጁን ማነጋገር ግን ጊዜ የሚወስድ፣ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማይታወቅ ነገር ነውና «ነገ ረጋ ብዬ አነጋግረዋለሁ» አልሁና አዛወርሁት። በማግሥቱም እንዲሁ። አንዴ ከ9ኛ ወደ 4ኛ ተራ ከፍ አደረግሁት፤ አንዴም ከበታቹ ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት። ባሰመርሁበት ቁጥር ለልጁ አንድ ነገር ያደረግሁለት ይመስለኝ ነበር።

በጥር ወር የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አለፈ። በየካቲት ትምህርት ሲከፈት ስም ብጠራ ከመስኮቱ በኩል የመለሰልኝ አልነበረም። ያን ዕለት ማታም «ስለ ልጁ መጠየቅ» ብዬ ጻፍሁ።

የካቲት ሊያልቅ ሲል ደብተሬ አለቀና ሌላ ለመግዛት ወደ መርካቶ ወጣሁ። የጽሕፈት መሣሪያ በጅምላ ከሚሸጥበት አንድ መደብር ደጅ ስደርስ፣ ትልቅ ካርቶን በጀርባው የተሸከመ ወጣት «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለ መጣ። ዞር አልሁለት። ካርቶኑን አውርዶ ቀና ሲል ተያየን።

«ቲቸር! ደኅና ነዎት?» አለኝና ላቡን በክንዱ ጠረገ።

«አንተ! ምነው ጠፋህ?» አልሁት።

«አባቴ ታመመብኝ። ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ከመኪና ዕቃ በማውረድ እሠራ ነበር፤ ከትምህርቱ ጋር አልሆን ሲለኝ ተውሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

ልጁ መሬት መሬት እያየ ፈገግ አለ። «ልነግርዎ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ መምህራን ክፍል መጥቼ ነበር። ሁልጊዜ ደብተርዎ ላይ ሲጽፉ አገኝዎታለሁ። ሥራ የበዛብዎ መሰለኝና ተመለስሁ።»

አንባቢዬ፤ በዚያን ሰዓት የምጽፈው ምን እንደ ነበረ ያውቃሉ። ምናልባት ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ የምጽፈው «ልጁን ማነጋገር» የሚለውን ሊሆን ይችላል።

ደብተሩን ሳልገዛ ተመለስሁ። ማታ አሮጌውን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አገላበጥሁት። «ልጁን ማነጋገር» የሚለው ቃል 26 ጊዜ ተጽፏል። አንድ ጊዜም በቀይ አልተሰረዘም። ካልሲ ግን በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ገዝቼ ኖሯል።

በንዴት ደብተሩን ከሣጥን ሥር ወርውሬ ዝርዝር የሚባለውን ነገር ፈጽሜ ተውሁ። «ከእንግዲህ ልቤ ይምራኝ» አልሁ። ልቤ የመራኝ ግን ወደ ገደል ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ የመብራት ክፍያ ረሳሁ፤ ውጤት የማስረክብበት ቀን አለፈብኝ፤ ይባስ ብሎ አንድ ማለዳ ለአንደኛው ክፍል የተዘጋጀውን የፈተና ወረቀት ለሌላው ክፍል ይዤ ገባሁና ተማሪዎቼ ሁሉ ሣቁብኝ። ለልጁም ቢሆን ምንም አላደረግሁለትም። አዝኜ ነበር እንጂ ወደ መርካቶ ተመልሼ አልሄድሁም። መጻፍን መተው ብቻውን ሰውን ደግ እንደማያደርገው ያን ጊዜ ተረዳሁ።

በዚህ መካከል ዓይኔን የገለጡልኝ የቤት አከራዬ ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። እማማ ፊደል አልቆጠሩም። ነገር ግን አንድም ቀን የዕቁብ ዕጣ ወይም የዕድር መዋጮ አልፏቸው አያውቅም። የወሩ ሥራቸው ሁሉ በቀኖቹ ላይ ተንጠልጥሏል፤ በ1 ልደታ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ24 ተክለ ሃይማኖት። «ለሚካኤል እከፍልሃለሁ» ካሉ ለሚካኤል ይከፍላሉ፤ «ለማርያም ጠይቂያታለሁ» ካሉ ለማርያም ከበሽተኛዋ ደጃፍ ይገኛሉ። ይህ ያገራችን ሕዝብ በወረቀት ሳይሆን በቀን ስም የሚይዘው የሥራ ዝርዝር ነው፤ ከፍራንክሊንም በፊት የነበረ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ሳለ የነጠላቸውን ጫፍ ተቋጥሮ አየሁት።

«እማማ፥ ይህ ቋጠሮ ምንድን ነው?»

«የሰው አደራ ነው ልጄ። የጎረቤቴ ገንዘብ ነው፤ ለልጇ አድርሽልኝ ብላኛለች።»

«ታዲያ ሣጥን ውስጥ ቢያኖሩት አይሻልም?»

«ሣጥን ውስጥማ ካኖርሁት አርፌ እቀመጣለሁ። እዚህ ሲሆን ነጠላዬን ባጣፋሁ ቁጥር ይቆረቁረኛል። ሳላደርስ አይለቀኝም» አሉኝ።

እማማ ይህን ሲናገሩ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ብዙ የደከሙበትን ነገር መናገራቸውን አላወቁም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. ብሉማ ዛይጋርኒክ የተባለች ሴት በበርሊን ባደረገችው ጥናት፣ ሰው ከጨረሰው ሥራ ይልቅ ሳይጨርስ የተቋረጠውን አብልጦ እንደሚያስታውስ ጽፋ ነበር። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ይህንኑ ውጤት ሁልጊዜ ባያገኙትም፣ ጅምር ነገር ልብን እንደሚቆረቁር ግን ሁላችንም ከራሳችን እናውቀዋለን። ቆይቶም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት አንድ እርምጃ ጨመሩበት። ያላለቀ ሥራ በሐሳብ ውስጥ እየገባ ሰውን ሲያውከው፣ መቼና እንዴት እንደሚሠራ አስቦ ከወሰነ በኋላ ግን ሥራው ገና ምንም ሳይነካ ሐሳቡ እንደሚተወው አሳዩ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. ደግሞ በቴክሳስ በቤይለር ዩኒቨርሲቲ በ57 ወጣቶች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። ከመኝታ በፊት ለ5 ደቂቃ ወደፊት የሚሠሩትን የዘረዘሩት፣ ሠርተው የጨረሱትን ከዘረዘሩት ይልቅ በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

አንባቢዬ፤ እነዚህን ጥናቶች የሚጠቅሱ ሰዎች ሁሉ ዝርዝርን ለማመስገን ነው የሚጠቅሷቸው። ለብዙ ነገርም ምስጋናው ይገባዋል። እኔ ግን ይህን ሳነብ ያ የኅዳር ማታ ትዝ አለኝ። ጽፌ ተኛሁ ብዬዎት አልነበረምን? ዝርዝሩ የሚሰጠው እንቅልፍ ነው። ለካልሲና ለመብራት ክፍያ እንቅልፍ ማጣት ሞኝነት ስለ ሆነ ለእነዚህ ዝርዝር ጥሩ መድኃኒት ነው። የሰው ጉዳይ ግን እስኪፈጸም ድረስ ሊቆረቁረን ይገባ ነበር፤ እኔ በወረቀት ላይ አስቀምጬ መቆርቆሩን አስቀረሁት።

ሁለተኛም ስሕተት ነበረኝ። 14 ሥራ በአንድ ቀን አይፈጸምም። በ1994 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በካናዳ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያዘጋጁ ተማሪዎች በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ተጠይቀው በአማካይ 34 ቀን ያህል ነው አሉ፤ የፈጀባቸው ግን ከ55 ቀን በላይ ሆነ። የመመረቂያ ጽሑፍ የጻፈ አንባቢ ይህን ሲያነብ ራሱን እንደሚነቀንቅ አልጠራጠርም። እንግዲህ ዝርዝሩ ከቀኑ ሲበልጥ ምርጫ ግድ ይሆናል፤ ሲመርጥም ሰው ቶሎ የሚሰረዘውን ያስቀድማል። ካልሲና ልጅ በአንድ ገጽ ላይ እኩል አንድ አንድ መስመር ይዘው ከተሰለፉ የሚያሸንፈው ካልሲ ነው።

ስለዚህ አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ደብተሩን ከሣጥን ሥር አውጥቼዋለሁ። የዕቃንና የወረቀትን ሥራ እጽፍበታለሁ፤ ነገር ግን ከአራት መስመር አላሳልፍም። ሰውን የሚመለከተውን ነገር ግን ከደብተሩ አላገባም። ከደብተሩ ይልቅ ለባለቤቱ ለራሱ እነግረዋለሁ፤ ቀን ቆርጬም «ለዚህ ቀን እመጣለሁ» እለዋለሁ። ቀጠሮውን ባልጠብቅ አንድ ሰው መንገድ መንገዱን እያየ ይቀመጣልና፥ ይህ የእኔ ቋጠሮ ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራው ወንድሜና እኅቴም ይህን ነገር ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የባለጉዳይ ማመልከቻ በመዝገብ ላይ ቁጥር ሲሰጠው የጸሐፊው ልብ ያርፋል፤ ጉዳዩ ግን ገና አልተነካም። «በመታየት ላይ ነው» የሚለው ቃል የእኔ «ልጁን ማነጋገር» ወንድም ነው። ከመስኮቱ ወዲያ የቆመው ሰው ጉዳዩ ተጽፎ በሌላ ሰው ደብተር ውስጥ 26 ጊዜ መዛወሩን አያውቅም፤ የሚያየው ጸሐፊው ሲጽፍ ብቻ ነው። እርሱም እንደዚያ ልጅ «ሥራ በዝቶባቸዋል» ብሎ ይመለሳል።

የልጁን መጨረሻ ሳልነግርዎ አልለይዎትም። ከእማማ ጋር የተነጋገርን ዕለት ወደ መርካቶ ሄድሁና ልጁን ፈልጌ አገኘሁት። «ለተክለ ሃይማኖት መጥቼ ጌታህን አነጋግርልሃለሁ» አልሁት። እቤት ተመልሼም ለእማማ ነገርኋቸው፤ እርሳቸው ካወቁ መርሳት የለምና። መጋቢት 24 ቀን ባለ መደብሩን አነጋገርሁት። ጨካኝ ሰው ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ «ቀድሞ ማን ነገረኝ? ትምህርት መጀመሩንም አላውቅም» አለኝ። እርሱንም ያነጋገረው አልነበረም ማለት ነው። ከመስከረም ጀምሮ ልጁን በ11 ሰዓት ሊለቀው ቃል ገባ፤ ልጁም ለማታ ትምህርት ተመዘገበ።

ነገሩ ሁሉ ተስተካከለ ብዬ ግን አልዋሽዎትም። ጭነት የበዛ ዕለት ልጁ ይቀራል፤ ከሳምንቱ አምስት ማታዎች ሦስቱን ይመጣል። አባቱ ገና አልዳኑም። ከእኩዮቹም አንድ ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ያን ዓመት ማንም አይመልስለትም። በኅዳር ወር ከዚያ ወንበር አጠገብ ለሩብ ሰዓት ቆሜ ብጠይቀው ኖሮ ዓመቱ ባልጠፋ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል፤ እንዲቆረቁረኝም ትቼዋለሁ።

እንግዲህ አንባቢዬ፥ ደብተርዎን ወይም ስልክዎን ይክፈቱና ከሁሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የተዛወረውን መስመር ይፈልጉ። የሰው ስም ካገኙበት ዛሬ ማታ ወደ ነገ ገጽ አይቅዱት። ይነሡና ይሂዱ፤ መሄድ ካልቻሉም ቀኑን ቆርጠው ለሰውየው ለራሱ ይንገሩት።

እኔም ከዚህ በላይ መጻፍ አይገባኝም። ዛሬ ቀኑ 24 ነው፤ በየወሩ ተክለ ሃይማኖት ከልጁ ጋር የምንገናኝበት ቀጠሮ አለን፤ ሰዓቱም ደርሷል።